እስረኛን ማን ያብላ? ከቁራኛ እስከ ማረሚያ ቤት፣ ከራያ ቆላ ሲታይ

ስለ ኢትዮጵያ እስር ቤቶች የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው የታወቁ እስረኞችን ታሪክ አያጣም። የግሸን አምባ መሳፍንት አሉ፤ መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ የተያዙት አውሮፓውያን አሉ፤ ከዚያው አምባ ያመለጡት ወጣቱ ምኒልክ፣ በፍቼና በጋራ ሙለታ የተጋዙት ልጅ ኢያሱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በዓለም በቃኝ የተረሸኑት ባለሥልጣናት፣ በማዕከላዊ ምርመራ ያለፉት ሁሉ ተጽፎላቸዋል። በራያ ቆላዋ ጎብዬ በበሬ ስርቆት ተጠርጥሮ ወይም በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ፖሊስ ዘንድ ለሚያድር ገበሬ ግን ብዙ ብራና አልተፋቀለትም። በሰው ብዛት ቢመዘን ኖሮ የአገሪቱ የእስር ታሪክ በአብዛኛው የእሱ ታሪክ ነበር።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያ ገበሬ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም አንድ ጥያቄ ነው፦ የታሰረውን ሰው ማን ያበላዋል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ቁራኛን፣ የአገር ገዢን ግቢ፣ የገበሬ ማኅበርን ክፍልና የዛሬውን ፖሊስ ጣቢያ አንድ ላይ የሚያይ ሌላ ጥያቄ ግን አላገኘሁም። ሕጉ ተለዋውጧል፤ የቤቱም ስም ከወህኒ ወደ ከርቼሌ፣ ከከርቼሌ ወደ ማረሚያ ቤት ተሸጋግሯል። ስንቁ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የመጣው ከእስረኛው ቤት ነው።

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወርደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ አላማጣ ይቀጥላል። (ይህ ሮቢት የፌዴራል ማረሚያ ቤት ያለበት ሸዋ ሮቢት አይደለም፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ያምታታቸዋል።) የእስር ደረጃዎችም በዚሁ መንገድ ላይ የተደረደሩ ናቸው። ቀበሌ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው ሚሊሻ ነው። ሚሊሻው ለፖሊስ ያስረክባል፤ ፖሊስ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ወደ ቆቦ ያቀርባል፤ ጉዳዩ ከከበደ ወይም ፍርድ ካረፈ መንገዱ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ወልድያ ይሆናል። አሜሪካኖች ካውንቲ ጄል የሚሉት ቤት ያልተፈረደበትንም አጭር ቅጣት ያለበትንም አንድ ጣሪያ ሥር ይይዛል። እኛ ዘንድ ሥራውን ሁለት ተቋማት ተካፍለውታል፦ ምርመራ ላይ ያለው ፖሊስ ዘንድ ይቆያል፤ የተፈረደበትና ዋስትና የተነፈገው ተከሳሽ ማረሚያ ቤት ይገባል። የሁለቱ አለቃም በጀትም የተለያየ ነው። ይህ ልዩነት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወደ በኋላ እናያለን።

ቁራኛ የቀለቡን ጥያቄ በጭካኔም ቢሆን በግልጽ መልሶት ነበር። ከሳሽ ከተከሳሽ፣ አበዳሪ ከተበዳሪ ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኛሉ። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ያገኙትን አብረው ይቀምሳሉ። አቅም ያለው ከሳሽ በራሱ ፈንታ አሽከሩን ያሳስራል። መንግሥት ግንብ አይሠራም፣ ዘበኛ አይቀጥርም፣ ቀለብም አይሰፍርም። ሥርዓቱን ለማወደስ አልፈልግም፤ ዕዳ መክፈል ያልቻለ ድኃ ዓመት ሙሉ እንደ ከብት ሲጎተት የሚኖርበት አገር ፍትሕ አለው ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ቁራኛ ኋላ የመጡት ሥርዓቶች ያጡት አንድ ነገር ነበረው፦ አሳሪው አስሮ መርሳት አይችልም። ብረቱ እሱም እጅ ላይ ስላለ ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥ ሁለቱም ይቸኩላሉ። ልጅ ኢያሱ በአጭር ዘመናቸው ቁራኛንና ሌባሻይን ለማስቀረት ሞክረው ነበር፤ ልማዱ ግን በአንድ ትእዛዝ የሚጠፋ አልነበረም።

ሌባሻይ፣ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ ያሳያል የሚባለው ልጅ፣ ብዙ የተወራለት ስለሆነ አልመለስበትም። ከእሱ ይልቅ አውጫጭኝ ሊታይ ይገባዋል። ወንጀል ተፈጽሞ አጥፊው ሲሰወር ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል። አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል፤ የቀረ ይቀጣል። የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ከማስረጃ አሰባሰብ ዘዴዎች ጋር ይመድቡታል እንጂ እስር አይሉትም። እኔ እስር እለዋለሁ። መንደሩ ያለ ክስ ታግቷል፤ ያውም ስንቁን ራሱ ይዞ።

የአምባ እስር የዚህ ተቃራኒ ነው። ግሸን እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ ኢማም አህመድ ጦርነት ድረስ፣ ለዙፋን የሚያሠጉ የነገሥታት ልጆች የሚቀመጡባት ተራራ ነበረች። በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ተተካ። ሁለቱም ለጥቂት ሰዎች የተዘጋጁ፣ ጠባቂ የተመደበላቸው የቤተ መንግሥት ጉዳዮች ነበሩ። ወሎ ግሸንንም መቅደላንም በምድሯ ይዛ ሳለ የወሎ ገበሬ ግን ከአምባ እስር ጋር ዝምድና አልነበረውም። ለእሱ እስር ማለት የመልከኛው ወይም የአገር ገዢው ግቢ ነው፤ ግንድና የእግር ብረት፣ ከጓሮ ያለ አንድ ጎጆ። እዚያ ለታሰረ ሰው ሚስቱ ወይም እናቱ አገልግል ተሸክማ ካልመጣች የሚበላው የለም።

ራያ ቆላ ከዚህ ሥዕል ትንሽ ወጣ ይላል። ማዕከላዊው መንግሥት ወደ ራያ ሲመጣ ለረጅም ዘመን የመጣው በዘመቻ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራያና የአዘቦ ዐመፅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር የራያና የአዘቦ ሰው ወጋው። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ወያኔ ተነሣ። የመንግሥት ምላሽ ዘመቻ፣ ግብር መጣልና መሬት መውረስ ነበር። ሰው አስሮ በቀለብ ማስቀመጥ ለገዢውም ውድ ነው፤ መሬት መንጠቅ ግን ገቢ ያመጣል።

በውስጥ ደግሞ ራያ የራሱ መፍትሔ አለው። ደም ሲፈስ ገዳይና የቅርብ ዘመዶቹ ካካባቢው ይርቃሉ፤ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ዘወልድ በሚባለው ሥርዓት ካሳ ይቆረጣል፤ ቄሱም ሼሁም ባሉበት እርቅ ይወርዳል። በዚህ ሥርዓት እስር ቦታ የለውም። የጎደለው የዘመድ ካሳና የበቀል መቆም ነው፤ የታሰረ ሰው ሁለቱንም አይሞላም። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ባዶ ቦታ ላይ አልወደቀም።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በደረጃ ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ብዙ ሰው ወደ ዳናኔና ወደ ኖክራ ማጎሪያዎች ተጋዘ፤ የተማሩትና መኳንንቱ ባሕር ተሻግረው ተወሰዱ። ኋላ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የጻፉት ሀዲስ ዓለማየሁ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ዋርድያ የሚለው ቃልም የቀረልን ከዚያ ወረራ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የወህኒ ቤቶች አዋጅ፣ ቁጥር 45፣ እስር ቤቶችን በአንድ የመንግሥት አስተዳደር ሥር አደረገ። በ1949 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ተከተሉ።

የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ራያ ቆላ ላይ ሆኖ ሲያነቡት አንድ አንቀጽ ዓይን ይስባል። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቅርብ ይላል፤ ቀጥሎ ግን የቦታው ሁኔታና መገናኛው በፈቀደ መጠን የሚል መውጫ ይተዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ያንኑ 48 ሰዓት ደግሞ ሲያጸና ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም ብሏል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ትርፍ ሐረግ ነው። ከአስፋልቱ በእግር ግማሽ ቀን ለሚርቅ ቀበሌ ግን ሐረጉ ራሱ ሕጉ ነው። ሚሊሻው የያዘውን ሰው የሚያደርስበት መኪና ከሌለ፣ ቅዳሜና እሁድ ከገባ፣ መርማሪው ስብሰባ ላይ ከሆነ፣ 48 ሰዓቱ ማንም ሕግ ጥሷል ሳይባል ይለጠጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የጊዜ ቀጠሮ አለ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ሕጉ ገደብ አላበጀለትም። በእኔ አስተያየት በኢትዮጵያ የአካባቢ እስር ታሪክ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ ያውም ከ60 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆሟል።

ዋስትና የዚህ ማርገቢያ ሊሆን ይገባው ነበር። በተግባር ዋስ ማግኘት የዝምድናና የደመወዝ ጉዳይ ነው። መምህር ወይም የጤና ባለሙያ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ቶሎ ይወጣል፤ ገንዘብ የተጠየቀ ገበሬ በሬውን እስኪሸጥ ይቆያል፤ ለዚያውም የገበያ ቀን መጠበቅ አለበት።

ደርግ እስርን ወደ እያንዳንዱ መንደር አወረደው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ በማኅበር አደራጀ፤ ቀጥሎ የወጣው አዋጅ የማኅበሩን ፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ አጠናከረ። ከተማ ላይ ቀበሌዎች መጡ። መጀመሪያ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ለትንሽ ክርክር አውራጃ ድረስ የሚንከራተት ገበሬ ዳኛውን በራፉ ላይ አገኘ። ነገር ግን ዳኛው፣ ጠመንጃ ያዡና ቁልፍ ያዡ አንድ ሲሆኑ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍሉ እስር ቤት ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ወራት በእነዚህ ክፍሎች የሆነው በሰፊው ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባው ነው። ያኔ ሰው ተሰብስቦ ተጠርጣሪ እንዲያጋልጥ የሚደረግባቸው የማጋለጫ ስብሰባዎች ከአውጫጭኝ ጋር ያላቸውን ዝምድና ማንም ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል። ስንቁም እንደ ጥንቱ ከቤት ነበር። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ሲያወሩት እንደምንሰማው፣ ስንቅ ይዛ ሄዳ “ከእንግዲህ አታምጪ” የተባለች እናት መርዶዋን የሰማችው በዚያ ቃል ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እስር ቤቶች በፌዴራልና በክልል ተከፈሉ። ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ዝዋይና ሸዋ ሮቢት የፌዴራል ናቸው፤ ወልድያና ደሴ የክልሉ። የፌዴራሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 365/1995 ተቋቋመ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ፣ ቁጥር 1174፣ ወጣ። ቅጣት ማረሚያ ነው የሚለው ሐሳብ የተጻፈ ሕግ ሆነ፤ ትምህርት፣ ሙያ፣ ሕክምና፣ የቤተሰብ ጉብኝት ሁሉም ስፍራ አገኙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ዓለም በቃኝ የነበረበት ከርቼሌ ራሱ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ተሠራበት፤ ሕንጻው የተመረቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። ይህን ለውጥ የለም ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ግን ሌላ ወሬ ያወራል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2009 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ባወጣቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች፣ ለአንድ እስረኛ በቀን ለምግብ፣ ለውኃና ለሕክምና የሚመደበው 9 ብር ገደማ እንደነበር ተጽፏል። በአገሪቱ ያሉት የክልል ማረሚያ ቤቶች 120 ገደማ፣ እስረኞቹ ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። በ9 ብር የሚኖር ሰው የለም። ልዩነቱን የሚሞላው አገልግል ነው፤ አገልግል የማይመጣለት ደግሞ ሸማ ይሠራል፣ ቅርጫት ይሰፋል፣ ለሌላው እስረኛ ያጥባል።

እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1166 በየካውንቲው እስር ቤት ይሠራ ብሎ ሲያዝ ስለ ቀለብ የተጨነቀ አልነበረም፤ እስረኛው ለአሳሪው ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1773 የቤድፎርድሺር ሸሪፍ የሆነው ጆን ሃዋርድ ነጻ የተባሉ ሰዎች የአሳሪውን ክፍያ መክፈል ስላልቻሉ ብቻ ታስረው ሲቀሩ አይቶ ነው አገር ለአገር እየዞረ እስር ቤት መመርመር የጀመረው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1777 ነው። ከ100 ዓመት በኋላ እንግሊዝ የአካባቢ እስር ቤቶችን ጠቅልላ ለማዕከላዊው መንግሥት ሰጠች። አሜሪካ ግን ለካውንቲው ተወችው። ዛሬ እዚያ 3 ሺህ ገደማ የአካባቢ እስር ቤቶች አሉ፤ ውስጣቸው ካለው ሰው ከ10 ሰባቱ ያህል ገና ያልተፈረደበት ነው። አላባማ ላይ አንድ የ1939 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ነበር፤ ግዛቱ ለአንድ እስረኛ በቀን 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይሰጣል፤ ሸሪፉ አብልቶ የተረፈውን ኪሱ ያስገባል። ነገሩ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በጋዜጣ ወጥቶ ቅሌት ሆነ፤ በዓመቱም ሕጉ ተሻሻለ። በሀብታም አገርም እስረኛውን ማን ያበላዋል የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ መልሱን የሚሰጠው ቁልፍ የያዘው ሰው ነው።

አሁን ወደ ጎብዬው ገበሬ እንመለስ። ማረሚያ ቤት ቢያንስ የቀለብ በጀት አለው፤ ሲያንስ ያንሳል እንጂ በመዝገብ ላይ አለ። ፖሊስ ጣቢያ ግን በብዙ ቦታ ለተጠርጣሪ ምግብ የተመደበለት ገንዘብ የለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በፖሊስ ጣቢያዎች ላይ ባደረጋቸው ክትትሎች ይህን ደጋግሞ አንሥቷል። ስለዚህ ሕጉ ንጹሕ ነው ብሎ የሚገምተው ሰው ከተፈረደበት ይልቅ የከፋ አያያዝ ይገጥመዋል። ዘመድ በቅርብ ካለው ይበላል። ከሌላ አገር ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ አብረውት የታሰሩት ያካፍሉታል፤ ወይም ከዘበኛው ጋር ይጎርሳል። የአካባቢው ፖሊስ ከኪሱ አዋጥቶ ዳቦ የሚገዛበት ጊዜም አለ፤ ይህ ደግነት ነው፤ ሥርዓት ግን አይደለም። ሕፃን የታቀፈች ሴት ስትታሰር ነገሩ እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ጣቢያ ለሴት ለብቻ የሚሆን ክፍል የለውምና።

የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ደካማ ሥርዓት ላይ ወደቀ። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦና ወልድያ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ቆቦ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግማ ተያዘች። በሰሜን ወሎ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ፍርድ ቤቶችና ፖሊስ ጣቢያዎች ተዘረፉ። መዝገብ መጥፋቱ ከሕንጻው መውደም ያልተናነሰ ጉዳት ነው፦ ቀጠሮ የነበረው ሰው ፋይል ከሌለ እስሩም ፍርዱም መሠረት ያጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ እስር ከጣቢያም ከማረሚያ ቤትም ወጣ። አዋጁ ካበቃ በኋላም የጅምላ እስሩ አልቆመም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2017 ዓ.ም. ዳንግላን፣ ጭልጋ ውስጥ ያለውን ሰራባን፣ ኮምቦልቻን (ጮሪሳን) እና ሸዋ ሮቢትን የጅምላ ማቆያ ካምፖች ብሎ ዘርዝሯቸዋል። ካምፕ ለመደበኛው ሕግ እንግዳ ነው፤ ጠያቂ የሚገባበት ሰዓትም፣ 48 ሰዓት የሚቆጥር ዳኛም የለውም።

የመፍታቱ ታሪክ ከማሰሩ ታሪክ ያነሰ ተጽፏል፤ ራያ ላይ ግን ብዙ የሚያስተምር ነው። የወንጀል ሕጉ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከ20 ዓመት በኋላ። በአዲስ ዓመት ደግሞ የክልሉ ይቅርታ አለ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ግን ከወልድያ በር ወጥቶ መንደሩ መግባት የሚችለው የሟች ወገን ሲስማማ ብቻ ነው። ማረሚያ ቤቱ የፈታውን ዘመድ አይፈታውም። ያልታረቀ ተፈቺ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ የእርሻ ሥራ ይሄዳል፤ ወይም ዓረብ አገር ይሻገራል። የሕግ ባለሙያዎች ሽምግልናን የሚወቅሱበት ምክንያት አላቸው፦ እርቅ ከወረደ በኋላ ምስክር አፉን ይዘጋል፣ ክሱም ይፈርሳል፤ የተደፈረችውን ልጅ ጉዳይ በካሳ የሚጨርስ ሽማግሌም አይጠፋም። በዚህ በኩል ወቀሳው ልክ ነው፤ እንዲያውም ያንሳል። በደም ጉዳይ ግን መንግሥትም ሽማግሌም ብቻውን አልጨረሰም።

አስተዋይ ሽማግሌዎች ስለዚህ ሥራቸውን የሚጀምሩት ሰውየው ገና እስር ላይ ሳለ ነው። በጠያቂ ቀን ወልድያ ወጥተው ያነጋግሩታል፣ ቃሉን ይቀበላሉ፣ ለሟች ወገን ያደርሳሉ። ካሳው ሲቆረጥ የሚያዋጣው ዘመድ ነው፤ ለዓመታት ስንቅ ሲያመላልስ የኖረው ያው ዘመድ።